ሲበላሽ አሳዪኝ

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት። ግቢያችን ውስጥ መሬት ላይ ባለ 2000 ሊትር ሮቶ አለ፤ የብረት ማማ ላይ ደግሞ ባለ 1000 ሊትር። በሁለቱ መካከል ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ተገጥሟል። ሌሊት የታችኛው ይሞላል፣ ፓምፑ ወደ ላይ ይገፋል፣ የላይኛው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር እናቴ ድምፁን ሰምታ ጋቢዋን ደርባ ትወጣና ታጠፋዋለች። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ሙያዬ ሂሳብ ነው። ኤሌክትሮኒክስ የለመድኩት ማታ ማታ ቪዲዮ እያየሁ፣ ዕቃውን ከመርካቶ እየለቀምኩ ነው። ፓምፑን በራሱ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ነገር ልሠራ ስነሳ ለሰው የምሰጠው ምክንያት «እናቴ እንቅልፍ አጣች» የሚል ነበር። እናቴ ግን ስለ ሌሊቱ መነሳት አማርራ አታውቅም፤ ከተነሳሁ አይቀር ብላ ጀሪካኖቿንም ሞልታ ነው ተመልሳ የምትተኛው። ያማረርኩት እኔ ነኝ፣ በእሷ ስም። አርዱዪኖ የሚባለውን በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ ገዝቼ አንዲት ትንሽ መብራት ማብለጭለጭ ከቻልኩ ወዲህ ቤቱ ውስጥ በራሱ የማይሠራ ነገር ሁሉ ያናድደኝ ጀምሮ ነበር።

አርዱዪኖ የተጀመረው ጣሊያን ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ በአንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ስሙንም ያገኘው ሠሪዎቹ ይሰበሰቡበት ከነበረ መጠጥ ቤት ነው፤ መጠጥ ቤቱ ደግሞ ከሺህ ዓመት በፊት ጣሊያን ላይ በነገሠው በአርዱዪን ስም የተሰየመ ነበር። ቦርዱ የታሰበው ለመሐንዲስ አይደለም። ሐሳቡን ቶሎ ሠርቶ መምህሩ ፊት ማቅረብ ለሚፈልግ የዲዛይን ተማሪ ነው። ለዚህም ተሳክቶለታል፦ ገመዱን ኮምፒውተር ላይ ትሰካለህ፣ ጥቂት መስመር ትጽፋለህ፣ መብራቷ ትበራለች። ውስጡ ያለው ቺፕ ሁለት ኪሎባይት ብቻ የሥራ ማስታወሻ ይዞ ፓምፕ ያዛል። ለክፍል ውስጥ ማሳያ የተፈጠረውን ነገር አምጥቼ ቤተሰብ የሚጠጣው ውሃ ላይ ስሾመው ግን ሹመቱ ከበድ ይል እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። በሁለቱም ሮቶዎች ክዳን ሥር፣ ነጋዴዎቹ ኤችሲ-ኤስአር04 የሚሉት ባለ ሁለት ዓይን የድምፅ ሴንሰር አሰርኩ። አንደኛው ዓይን የሰው ጆሮ የማይሰማውን የ40 ኪሎኸርዝ ድምፅ ወደ ውሃው ይልካል፣ ሌላው ማሚቶውን ይቀበላል። ድምፁ ደርሶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ በማይክሮሰከንድ ለክቶ ለ58 ማካፈል ነው፤ ርቀቱ በሴንቲሜትር ይወጣል። ርቀቱ ካነሰ ሮቶው ሞልቷል፣ ከበዛ ጎድሏል። ታች ውሃ ካለና ላይ ከጎደለ፣ ፓምፑን የምታበራና የምታጠፋው ሰማያዊዋ ሪሌይ ጠቅ ትላለች፣ ፓምፑ ይነሳል። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በለጠፍኳት ትንሽ ስክሪን ላይ «ላይ 64% ታች 80%» የሚል ይነበባል። እንግዳ ሲመጣ በኮሪደሩ በኩል ነበር የማሳልፈው፤ ወደ ሳሎኑ በሌላ በር እንደሚገባ ዘመዶቼ ሁሉ እያወቁ።

እሑድ ቡና ላይ ከሚጠሩት ጎረቤቶቻችን አንዱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያንነት ዕድሜያቸውን ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ስክሪኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩት፣ ሳጥኑንም ከፍተው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው ተከተሉ። ፓምፑም በዚያው ሰዓት እየሠራ ነበር፤ ደስ አለኝ።

«ጎበዝ» አሉኝ። «ሲሠራ አየሁት። አሁን ሲበላሽ አሳዪኝ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። «ኧረ አይበላሽም ጋሼ!»

መልስ አልሰጡኝም። በሁለት ጣታቸው ከታችኛው ሮቶ የሚመጣውን የሴንሰር ሽቦ ያዝ አድርገው ነቀሉት። ስክሪኑ ትንሽ ቆየና «ታች 100%» አለ። ፓምፑ አላቆመም።

«አሁን» አሉ፣ የነቀሉትን ሽቦ እንደያዙ፣ «ታች አንድ ጠብታ ባይኖር ይኼ ማሽንሽ ምን ነበር የሚለው?»

ምን እንደሚል ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ቡናው ሁለተኛው እስኪፈላ ድረስ ኮዱን ስቆፍር ቆየሁ፤ ያገኘሁትም ቀላል ነገር ነበር። አርዱዪኖ ማሚቶ የሚጠብቅበት ትዕዛዝ አንድ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካልመጣ ተስፋ ይቆርጥና ዜሮ ይመልሳል። ዜሮ ለ58 ሲካፈል ዜሮ ሴንቲሜትር ነው። ዜሮ ሴንቲሜትር ማለት በእኔ ቀመር ውሃው ሴንሰሩ አፍ ድረስ ደርሷል፣ ሮቶው ጢም ብሏል ማለት ነው። ያው ዜሮ የላይኛው ሮቶ ላይ ቢመጣ «ሞልቷል» ተብሎ ፓምፑ ይቆማል፤ ሳላስበው ደህና ሆኖልኛል። የታችኛው ላይ ሲመጣ ግን «ውሃ ሞልቶልሃል፣ ግፋ» ማለት ነው። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲሽከረከር ደግሞ ብዙ አይቆይም። ዘንጉ ላይ ውሃ እንዳያልፍ የሚይዘው ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በዚያው በሚገፋው ውሃ ነው፤ ውሃው ሲጠፋ ግሎ ይቃጠላል፣ ከዚያ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ሞተሩም ይከተላል። ሮቶ ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ የዚያን ርካሽ ሴንሰር እግር በዝገት መብላቱ አይቀርም፤ ማንም ሽቦ መንቀል አይጠበቅበትም ነበር።

ያፈርኩት በፓምፑ አይደለም። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው ባዶ መተው የሚገባውን ሳጥን ዜሮ ብሎ ሲሞላልኝ ወረቀቱን መልሼ የምልክ ሰው ነኝ። «አልተቆጠረም» እና «ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም» የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ቤቴ ግን ያልተቆጠረውን ዜሮ ብሎ፣ ዜሮውን ደግሞ መቶ በመቶ ብሎ የሚመዘግብ ማሽን ሠርቼ እንግዳ አስጎበኝበት ነበር።

ጋሼ ያን ዕለት የነገሩኝ ነገር ከፋብሪካው የመጣ ነው። የማሽን ቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ይመስለኝ ነበር። ተገላቢጦሹ ነው። ማሽኑ በሠራ ቁጥር በቁልፉ ውስጥ ኤሌክትሪክ እያለፈ ነው የሚውለው፤ ቁልፉ ሲጫን ይቋረጣል፣ ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ ሽቦው ቢበጠስ፣ ቢላላ፣ ቢቃጠል፣ ማሽኑ ቁልፉ የተጫነ ይመስለዋል። «አይጥ ሽቦ ስትበላ ማሽን ታቆማለች እንጂ አታስነሳም» አሉኝ። የባቡር ፍሬንም ታሪክ ይኸው ነው፤ ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ባወጣው የመጀመሪያው የባቡር የአየር ፍሬን ፍሬኑ የሚይዘው አየር ሲላክለት ነበር፤ ቱቦው ከተቀደደ ፍሬን የለም። በ1872 ነገሩን ገለበጠው፦ ቱቦው ሁልጊዜ በአየር ተወጥሮ ይውላል፣ አየሩ ሲያመልጥ ፍሬኑ ይይዛል። ፉርጎ ቢበጠስ ተበጣሹም ቀሪውም ይቆማሉ። መንገዳችንን የሞላው ሲኖትራክ የጭነት መኪናም አየሩ ከወረደ የእጅ ፍሬኑን ስፕሪንግ ይይዘዋል፣ አየር እስኪሞላ ንቅንቅ አይልም። ሾፌሮቹ ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስተው የሚጠብቁት ለዚህ ነው፤ እኔ ደግሞ ነዳጅ የሚያባክኑ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ኮዴን የማነበው እያንዳንዱ መስመር ላይ «ይኼ ባይሆንስ ወዴት ያደላል?» እያልኩ ነው። ሳነብ የማገኘው ነገር ደስ አይልም። ለምሳሌ ሪሌዪቷን ውሰዱ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች፤ እኔ «ነቃሁ» የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እነዚህ ርካሽ የሪሌይ ቦርዶች አብዛኞቹ የሚበሩት ከአርዱዪኖው የሚመጣው መስመር ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድ ነው፤ የአርዱዪኖ እግር ደግሞ «መውጫ ሁን» ሲባል ሌላ ትዕዛዝ እስኪመጣለት ከዜሮ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ገና ስለ ውሃ ምንም ሳያውቅ፣ ለቅጽበት ፓምፑን ያስነሳል። መድኃኒቱ ሁለት መስመር ማገላበጥ ነው፤ መጀመሪያ «ከፍ በል»፣ ከዚያ «መውጫ ሁን»። መብራት በአንድ ምሽት ደጋግሞ ሲመጣ ሲሄድ ሞተሩ ስንት ጊዜ እየተላተመ እንደቆየ ማሰብ አልፈልግም።

ሪሌዪቷ ላይ 10 አምፔር የሚል ተጽፏል፤ ፓምፑ ሲሠራ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚወስደው። ነገር ግን ሞተር ሲነሳ ከሚሠራበት ብዙ እጥፍ ይጎትታል፤ ያ ግፊት የሪሌዪቷን ጥርሶች ቀስ በቀስ ያቀልጥና አንድ ቀን ያጣብቃቸዋል። ከተጣበቁ በኋላ ፕሮግራሙ «ጠፍቷል» ይላል፣ ስክሪኑ «ጠፍቷል» ይላል፣ ፓምፑ ይሠራል። የጻፍኩት ኮድ የቱንም ያህል ቢያምር እዚያ ድረስ እጁ አይደርስም።

ቀጥሎ የምናገረው ለእኔ ከሁሉ የከበደው ነው። ጋሼ ከመምጣታቸው በፊት ዋይፋይ ያላትን ትንሿን ቦርድ፣ ኢኤስፒ8266ን፣ ገዝቼ ለዚህ ሥራ እያዘጋጀኋት ነበር። የሻንጋዩ ኩባንያ ኤስፕሬሲፍ እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጣት ወዲህ የእኔ ቢጤ አማተር ሁሉ ያበደባት ቺፕ ናት፤ ዋጋዋ ርካሽ፣ ሥራዋ ብዙ። ሮቶው ሲሞላ በቴሌግራም መልእክት ትልክልኛለች፤ ቢሮ ተቀምጬ ስልኬን ለባልደረቦቼ አሳያለሁ። ጠረጴዛ ላይ ስትሞከር ግሩም ነበረች። ኮዱን በአዲሱ ዓይኔ ሳነበው ግን ከላይ የመጀመሪያው ሥራዋ ዋይፋይ መፈለግ ነው፤ እስክታገኝ ድረስ እዚያው ትሽከረከራለች፣ ወደ ውሃው ክፍል አትወርድም። ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ሻወር የለም ማለት ነው። ይህንን የጻፍኩት ባለማወቅ ነው ብል ውሸት ይሆናል። መልእክቱ ለእኔ ከውሃው ይበልጥብኝ ነበር፤ ስለዚህም ከላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነው።

አፍርሰን ስንሠራው ጋሼ አርዱዪኖውን ጨርሶ እንድጥለው ነበር የፈለጉት። ሁለት የውሃ ፍሎት፣ አንድ ኮንታክተር፣ በቃ። ፍሎት ማለት በውሃው ላይ ተንሳፍፎ ከፍ ዝቅ ሲል ውስጡ ያለውን ማገናኛ የሚከፍትና የሚዘጋ ቀላል ዕቃ ነው፤ ኮንታክተር ደግሞ ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌይ ነው። የታችኛው ውሃ እስካለ ድረስ ያገናኛል፣ የላይኛው እስኪሞላ ድረስ ያገናኛል፤ ሁለቱ በተርታ ተቀጥለው የኮንታክተሩን መጠምጠሚያ ይመግባሉ። አንዱ ሲከፈት፣ ወይም የአንዱ ሽቦ ሲበጠስ፣ ፓምፑ ይቆማል። ኮድ የለበትም። ኮንታክተሩንም ከድሮ ዕቃቸው መሐል በ24 ቮልት የሚሠራ ፈልገው ሰጡኝ፤ «ውሃ ውስጥ 220 አይገባም» ብለው።

እዚህ ላይ ግን ተከራከርኳቸው፤ አሁንም እሳቸው ልክ ነበሩ አልልም። ፍሎት የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። መብራት እንደመጣ ቮልቴጁ ሳይረጋ ሞተር ማስነሳት ጥሩ አይደለም፤ አምስት ደቂቃ መታገስ ያስፈልጋል፣ ፍሎት ደግሞ ሰዓት የለውም። ፓምፑ እየሠራ የላይኛው ውሃ ካልጨመረ የሆነ ቦታ ቱቦ ተቀዷል ወይም አየር ገብቷል፤ ይህንንም የሚያስተውለው ቁጥር የሚይዝ ነገር ብቻ ነው። በመጨረሻ የተስማማነው በሥልጣን ክፍፍል ነው። አርዱዪኖው «ይነሳ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ «አይነሳም» የሚሉት ግን ፍሎቶቹ ናቸው፣ እነሱን የሚያልፍበት መንገድ የለውም። ሴንሰሩ ከ2 ሴንቲሜትር በታች ወይም ከ400 በላይ ካነበበ ስክሪኑ በመቶኛ ፋንታ «አላውቅም» ይላል። ፕሮግራሙ ራሱ ቢደነዝዝ ቺፑ ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰዓት በ8 ሰከንድ ውስጥ ቀስቅሶ ከዜሮ ያስጀምረዋል። ቴሌግራሙ አልቀረም፤ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ፣ ከተሳካለት ይልካል፣ ካልተሳካለት ውሃው ሥራውን ይቀጥላል።

ባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያዋን የጠየቀችው እናቴ ናት፦ በራሱ፣ ጠፍቷል፣ በእጅ። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ሙሉ ቀን ለፍቼ በእጅ ልታስነሳው? «እኔ እኮ ይኼን ስክሪን ማንበብ አያቅተኝም፤ አንቺ ሳትኖሪ ማንን ልጠይቅ ነው?» አለችኝ። «በእጅ» ላይ ስትሆን አርዱዪኖው ይታለፋል፣ ፍሎቶቹ ግን አይታለፉም።

አንድ ጊዜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቼ ስመለስ ስክሪኑ ጨልሞ አገኘሁት። ቦርዱን የሚመግበው የስልክ ቻርጀር ሞቶ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ከነበረው ሁሉ ርካሹን የገዛሁት እኔ ነኝ። ማዞሪያዋ «በእጅ» ላይ ናት፣ ሁለቱም ሮቶዎች ሙሉ ናቸው፣ ስልኬ ላይ ከቤት የተደወለ ጥሪ የለም። እናቴን «መቼ ተበላሸ?» ብላት «ምኑ?» አለችኝ።

አሁን የተያዝኩት በዶሮ ነው። የአክስቴ ልጅ ቢሾፍቱ ዶሮ ታረባለች፤ በአምፖል የሚሞቅ የዕንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን ሥሪልኝ ብላኝ 37.5 ዲግሪ የሚጠብቅ ነገር እየሞከርኩ ነው። የሙቀት ሴንሰሩ ዲኤችቲ22 ይባላል፤ ማንበብ ሲያቅት አብሮት የሚሠራው ዝግጁ ኮድ የሚመልሰው ዜሮ አይደለም፣ «ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ ምልክት ነው። ይህ ከዜሮው ይሻላል፤ የራሱ ተንኮል ግን አለው። ያ ምልክት ከማንኛውም ቁጥር ጋር ሲወዳደር መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ከ37.5 ያንሳል? አይደለም። ይበልጣል? አይደለም። እንግዲህ «ሙቀቱ ካነሰ አምፖሉን አብራ፣ ካልሆነ አጥፋ» ብዬ ብጽፍ ሴንሰሩ ሲሞት አምፖሉ ይጠፋል። «ሙቀቱ ከበለጠ አጥፋ፣ ካልሆነ አብራ» ብዬ ብጽፍ ግን አምፖሉ እንደበራ ይቀራል፣ ዕንቁላሉም ይቀቀላል። በጤናው ቀን ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ማን ይምረጥ ስል ወደ ዶሮዋ ነው የሄድኩት፦ እናት ዶሮ ለመብላት ስትነሳ ዕንቁላሉ ለጥቂት ጊዜ ይበርዳል፣ ጽንሱም ይችለዋል፤ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ግን ቶሎ ይገድለዋል። የመጀመሪያውን ጻፍኩ፤ ሙቀት ሲጠፋ የምትጮህ ትንሽ ደወልም ጨመርኩባት።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ አንድ ባልደረባዬ ቤቱ በር ላይ በጣት አሻራ የሚከፈት ቁልፍ እንድገጥምለት ጠየቀኝ። የኤሌክትሪክ ቁልፍ ሁለት ዓይነት ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚከፈት አለ፣ መብራት ሲጠፋ ተቆልፎ የሚቀር አለ። የትኛውን ነው የምትፈልገው አልኩት። «የሚሠራውን» አለኝ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቤቱ ውስጥ እሳት ቢነሳስ? ሌባ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ጠብቆ ቢመጣስ? ልጆቹ ብቻቸውን ከሆኑስ? ፊቱ ጠቆር አለ፤ ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ እንደሚነግረኝ ተናገረ። እስኪወስኑ ድረስ ዕቃ አልገዛም ብዬዋለሁ።